የአያቴ ባርኔጣ በፈረንሳይኛ

ፈረንሳይኛ በጀመርኩ ሰሞን፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ያለኝን ነገር ሁሉ «ማ» እያልኩ ነበር የምጠራው። ማ ሊቭር፣ ማ ስቲሎ፣ ማ ሳክ። መጽሐፌ፣ እስክሪብቶዬ፣ ቦርሳዬ ማለቴ ነው። ሦስቱም ልክ አይደሉም። ሦስቱም «ሞን» ነው የሚባሉት።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ሰንጠረዥ ነው። የመማሪያ መጽሐፌ እነዚህን የባለቤትነት ቃላት በሦስት ዓምድ ደርድሯቸዋል። አንደኛው ዓምድ አናቱ ላይ «ተባዕታይ» ይላል፤ ከሥሩ ሞን፣ ቶን፣ ሶን። ሁለተኛው «አንስታይ» ይላል፤ ከሥሩ ማ፣ ታ፣ ሳ። ሦስተኛው የብዙ ቁጥር ነው፤ ሜ፣ ቴ፣ ሴ። እኔ ሴት ነኝ። ስለዚህ ሁለተኛው ዓምድ የእኔ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ወንድ «ሞን» ይላል፣ ሴት «ማ» ትላለች። ወንድን ስናናግር «ቶን»፣ ሴትን ስናናግር «ታ»። ስለ እሱ ሲወራ «ሶን»፣ ስለ እሷ ሲወራ «ሳ»። አለቀ።

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሰንጠረዡን እንዲህ ቢያነበው አልፈርድበትም። እኛ «ቤትህ» እና «ቤትሽ» ስንል የምንለየው ሰውየውንና ሴትዮዋን ነው። «ቤቱ» እና «ቤቷ» ስንልም እንደዚያው። ቤቱ ራሱ ወንድ ይሁን ሴት የሚጠይቅ የለም። ፈረንሳይኛ ግን የሚጠይቀው ቤቱን ነው። «ሜዞን» ሴት ናት። ስለዚህ ወንድም ይናገር ሴት፣ ቤቴ «ማ ሜዞን» ናት። «ሊቭር» ወንድ ነው። ስለዚህ እኔም ብሆን ወንድሜ፣ መጽሐፌ «ሞን ሊቭር» ነው።

ፈረንሳይኛውን በእኛው ፊደል ስጽፈው አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሞን፣ ቶን፣ ሶን የሚሉት መጨረሻቸው ላይ ያለው «ን» በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ነው። ምላስ የትም አይነካም። ይህን የማነሳው በኋላ ስለምፈልገው ነው።

ለምን እንደምማር ልንገራችሁ። የወንድሜ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ያደገችው በፈረንሳይኛ ነው። የምታውቀው አማርኛ በጣት የሚቆጠር ቃል ነው። በቪዲዮ ስንደዋወል ሰላም እንባባላለን፣ ትስቅልኛለች፣ ከዚያ ወሬያችን እዚያው ያልቃል። እኔ ደግሞ ልነግራት የምፈልገው ብዙ ነገር አለ። ከሁሉም በላይ ስለ አያቴ። ለእሷ ቅድመ አያቷ ናቸው። አላየቻቸውም። እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

በሳምንት ሁለት ምሽት በኢንተርኔት እማራለሁ። አብሮኝ ጥንድ ሆኖ የሚለማመደው ሰው እንግሊዝኛ አፍ የፈታበት ቋንቋው ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ የምሠራው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሁለታችንም ፈረንሳይኛውን የምንተረጉመው ከእንግሊዝኛ ነው ብዬ አስብ ነበር። አልነበረም። የእሱና የእኔ ስህተት አንድ ቀን እንኳ ገጥሞ አያውቅም።

እንግሊዝኛ «ማይ» እና «ዩር» ሲል ጾታ የለውም። ስለዚህ ጓደኛዬ «ሞን» የወንድ ተናጋሪ ነው፣ «ማ» የሴት ተናጋሪ ነው ብሎ ማሰብ በጭራሽ አልመጣለትም። እሱ ሁሉንም «ሞን» እያለ ያልፋል፣ መምህራችን ታርመዋለች፣ ይስተካከላል። የእሱ ገደል «ሂዝ» እና «ኸር» ጋ ነው። እዚያ እንግሊዝኛ ጾታ ይለያል፣ የሚለየውም እንደ አማርኛ የባለቤቱን ነው። አንድ ቀን ስለ እህቱና ስለ ባሏ ሊናገር ፈልጎ «ማ ሰር ኤ ሳ ማሪ» አለ። «ሳ» ያለው ባልየው የእህቱ ስለሆነ ነው። ግን «ማሪ» ባል ነው፣ ወንድ ነው። «ሶን ማሪ» ነው የሚባለው። ወዲያው ቀጠለና ስለ ወንድሙ ሚስት «ሶን ፋም» አለ። እሱ ደግሞ «ሳ ፋም» ነው።

መምህራችን ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፈችልን። ባሏ፦ ሶን ማሪ። ሚስቱ፦ ሳ ፋም። ፍጹም የተጠላለፈ ነው። የሴቲቱ የሆነው «ሶን» ሆነ፣ የሰውየው የሆነው «ሳ» ሆነ። ከዚያ እንዲህ አለችን፦ «ባለቤቱን ተዉት። ዕቃውን ጠይቁት።»

ይህችን አነጋገር በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌያታለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ያጠናሁት ሁሉ ከዚያ ቀን በኋላ ነው የገባኝ።

እርግጥ ዕቃውን ብቻ ስትጠይቅ ባለቤቱ ይጠፋል። «ሳ ሜር» ቢሉህ እናቱ ይሁን እናቷ ከቃሉ አታውቅም። የምታውቀው ከወሬው ነው። ሁለት ሰው አንድ ላይ ተነስቶ ካደናገረ ፈረንሳይኛ ከኋላ ጅራት ይቀጥልበታል። «ሶን ሊቭር አ ሉዊ» የእሱ መጽሐፍ፣ «ሶን ሊቭር አ ኤል» የእሷ መጽሐፍ። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህ ጉድለት መስሎኝ ነበር። በኋላ የራሴን ቋንቋ አየሁት። «ቤቱ ተሸጠ» ስንል የእሱ ቤት ነው ወይስ ያ የምናውቀው ቤት? «መኪናዋ ቆመች» ስንልስ የእሷ መኪና ናት ወይስ ስናቆላምጣት ነው? በአማርኛ «ው» እና «ዋ» ባለቤትንም ያመለክታሉ፣ የሚታወቅን ነገርም ያመለክታሉ። እኛም የምንለየው ከወሬው ነው። ሲያደናግር «የእሱ» «የእሷ» ብለን ፊት ለፊት እናመጣለን። ማንም ግን ተቸገርኩ ብሎ አያውቅም።

አንድ ምሽት የሦስቱን ቋንቋ ቅርጾች ቆጠርኳቸው። እንግሊዝኛ 7 አለው። አማርኛ፣ ቤቴ፣ ቤትህ፣ ቤትሽ፣ ቤትዎ፣ ቤቱ፣ ቤቷ፣ ቤታችን፣ ቤታችሁ፣ ቤታቸው ሲባል 9 ነው። ፈረንሳይኛ 15 አለው። ቁጥሩ ያስፈራል፣ ግን ከ15ቱ ጾታ የሚለዩት ስድስቱ ብቻ ናቸው፤ ሞን እና ማ፣ ቶን እና ታ፣ ሶን እና ሳ። ዕቃው ከአንድ ከበለጠ ጾታው ይቀራል። ሜ፣ ቴ፣ ሴ ብሎ መገላገል ነው። የእኛ «ኖትር»፣ የእናንተ «ቮትር»፣ የእነሱ «ለር»፤ እነዚህም ወንድ ሴት አይሉም። ሲበዙ ኖ፣ ቮ ይሆናሉ። «ለር» ደግሞ ሲጻፍ አንድ ፊደል ይጨመርበታል እንጂ ድምፁ ያው ነው።

«ለር» ካልኩ አይቀር፣ በዚህ ትምህርት ውስጥ ልቤን የነካኝ ነገር የተፈጠረው በእሷ ነው።

የቤት ሥራችን አንድ ፎቶ ይዞ መጥቶ መግለጽ ነበር። እኔ የአያቴን ፎቶ አመጣሁ። ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው ከዘራ ይዟል። መነጽራቸው ትንሽ ወደ አፍንጫቸው ወርዷል። ከኋላቸው ሴት አያቴ ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው የወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው። ቃላቱን ሌሊቱን አጥንቼ ነው የመጣሁት። ሻፖ ባርኔጣ፣ ካን ከዘራ፣ ሉኔት መነጽር። ጀመርኩ። «ሞን ግራን ፔር ኤ ለር ሻፖ።» አያቴና ባርኔጣቸው።

መምህሯ አስቆመችኝ። «ለር? ስንት ሰው ነው?»

«አንድ» አልኳት።

«ታዲያ ባርኔጣው የማን ነው?»

«የአያቴ።»

«እንግዲያው ሶን ሻፖ በያ።»

ዝም አልኩ። ሕጉ ገብቶኛል። ባለቤቱን ተዪ፣ ዕቃውን ጠይቂ፤ «ሻፖ» ወንድ ነው፤ «ሶን» ነው። ግን በጆሮዬ የሰማሁት «ባርኔጣው» የሚለውን ነበር። አያቴን በሕይወቴ «እሱ» ብያቸው አላውቅም። ሞተውም «እሳቸው» ናቸው። እኛ ለአንድ ትልቅ ሰው «ባርኔጣቸው» ስንል ያው «የእነሱ» የምንልበትን ቅርጽ ነው የምናውሰው። ስለዚህ ሳላስበው አንቱታዬን ይዤ ፈረንሳይኛ ውስጥ ገባሁ፣ አያቴንም ብዙ ሰው አደረግኋቸው።

እንግሊዝኛ ስማር ይህ ለምን አላመመኝም ብዬ አሰብኩ። እንግሊዝኛን ልጅ ሆኜ ነው የተማርኩት። በእንግሊዝኛ ስለ አያቴ ለማንም አውርቼ አላውቅም። ስለ ሥራ፣ ስለ ስብሰባ፣ ስለ ሪፖርት ነው የማወራው። ፈረንሳይኛን ግን የመረጥኩት እሳቸውን ልነግርበት ነው።

መምህሯ ጥሩ ሰው ናት። ለምን ዝም እንዳልኩ ስነግራት ትምህርቱን ትታ አብራኝ አሰበችበት። ፈረንሳይኛም አንቱታ እንዳለው አስታወሰችኝ፤ ያለው ግን ፊት ለፊት ስናናግር ነው። «ቩ» ለብዙ ሰውም ለአንድ የተከበረ ሰውም ይሆናል፣ «ቮትር ሻፖ» የእናንተም የእርስዎም ባርኔጣ ነው። ሰውየው ከፊታችን ከሌለ ግን «ኢል» ማለትም «እሱ» ነው፣ «ሶን» ነው። እኛ ጋ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ፊት ለፊት «ባርኔጣዎ» የሚል የራሱ ቅርጽ አለን፣ በሌለበት ስናነሳው ነው የብዙ ቁጥሩን የምንዋሰው። ሁለቱም ቋንቋ ሰውን ለማክበር ብዙ ያደርጉታል። የሚያበዙበት ቦታ ነው የተለያየው።

ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ። ፈረንሳይኛ ለንጉሥ «ሳ ማዠስቴ» ይላል። እኛ «ግርማዊነታቸው» የምንለው ነው። ንጉሡ ወንድ ናቸው፣ ቃሉ «ሳ» ነው፣ ምክንያቱም «ማዠስቴ» ሴት ናት። ንጉሥም ሲሆን የሚጠየቀው ዕቃው ነው። ይህን ስሰማ ቀለል አለኝ። «ሶን» ያለችው አያቴን ዝቅ ለማድረግ አይደለም። ያንን ቃል ስትል ስለ እሳቸው ምንም አላለችም። ስለ ባርኔጣው ነው የተናገረችው።

ደግሜ ጀመርኩ። ሶን ሻፖ። ሳ ካን። ሴ ሉኔት። አንድ ሰው፣ ሦስት ዕቃ፣ ሦስት ቃል። ሰንጠረዡ በሙሉ አያቴ ጭን ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ሌላው ሰፊ ጉዳይ አናባቢ ነው። «አሚ» ጓደኛ ማለት ነው፣ ሴት ጓደኛም ወንድ ጓደኛም አጠራራቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት በጽሑፍ ነው። ሴት ጓደኛዬ ለማለት በሕጉ «ማ አሚ» ማለት ነበረብኝ። ፈረንሳይኛ ግን ሁለቱ «አ» ሲጋጩ አይወድም። ስለዚህ ሴት ሆና ሳለ «ሞን» ያውሳታል። ያ በአፍንጫ የነበረው «ን» እዚህ ላይ ወጥቶ በደንብ ይሰማል፤ «ሞናሚ»። ትምህርት ቤቴ «ሞኔኮል»፣ ሐሳቤ «ሞኒዴ»፣ አድራሻዬ «ሞናድሬስ»። ሁሉም ሴቶች ናቸው።

ጓደኛዬ ይህን ሕግ አልወደደውም። ሴት ናት ብለኸኝ ሳበቃ ለምን «ሞን» እላለሁ አለ። እኔን ግን ምንም አልከበደኝም። አማርኛ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «የእኔ» ብለን እንጽፋለን፣ «የኔ» ብለን እናወራለን። «ከአንተ» በአፋችን «ካንተ» ነው። ደግሞ «ቤቴ» ብለን «ጫማዬ»፣ «ቤቱ» ብለን «ጫማው» የምንለው ለምንድን ነው? ጫማ በአናባቢ ስለሚያልቅ ነው። አንድ ድምፅ መሃል ገብቶ ያስታርቃቸዋል። ማንም አላስተማረንም፣ ግን አንሳሳትም። ለጓደኛዬ ደግሞ የራሱ ቋንቋ ውስጥ ምሳሌ አገኘሁለት። ድሮ እንግሊዝኛ ከአናባቢ በፊት «ማይ»ን ትቶ «ማይን» ይል ነበር፤ ዓይኖቼ ለማለት «ማይን አይዝ»። ያው ነው፣ «ን» መሃል ሆና ሁለቱን አናባቢ ትለያቸው ነበር።

ፈረንሳይኛም ሁሌ እንዲህ አልነበረም። ድሮ «ማ»ን ቆርጦ «ማሚ» ነበር የሚለው። «ሞን» እየተዋሰ ያንን የተካው ቀስ በቀስ ነው። አሮጌው አነጋገር ግን ዱካውን ትቷል። ሰዎች «ማሚ»ን ሲሰሙ «ማ ሚ» መስሏቸው ከፋፈሉት፣ «ሚ» የሚባል ውዴ እንደማለት ያለ ቃል ተወለደ። «ታንት» ማለትም አክስት የሚለውም ቃል እንዲሁ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ድሮ አክስት «አንት» ነበረች፤ የእንግሊዝኛውም አክስት ከዚያው ነው የመጣው። «ታ» እና «አንት» ተጣብቀው «ታንት» ሆኑ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የሕፃናት አፍ ነው የፈጠረው ይላሉ። እኔ የመጀመሪያውን እወደዋለሁ። እውነት ከሆነ «ማ ታንት» ስትል «የእኔ ያንቺ አክስት» ማለት ይሆናል። የወንድሜ ልጅ እኔን የምትጠራኝ «ታታ» ብላ ነው፤ በፈረንሳይኛ የልጆች አፍ አክስቴ ማለት ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ «አሽ» የሚባለው ፊደል ነው፤ የእኛ «ህ» ማለት ነው። ፈረንሳይኛ ይጽፈዋል፣ አይጠራውም። አንዳንዱ እንደሌለ ይቆጠራል፤ «ሶኒስቷር» ታሪኩ፣ ታሪኳ። አንዳንዱ ግን ሳይሰማም በር ይዘጋል። ኀፍረቴ «ማ ኦንት» ነው፣ መጥረቢያዬ «ማ አሽ»፣ ጥላቻዬ «ማ ኤን»። እነዚህ ሦስቱ ከላቲን የመጡ አይደሉም፣ ፍራንኮች የተባሉ የጥንት ሕዝቦች ይናገሩት ከነበረው የጀርመን ዘር ቋንቋ የገቡ ናቸው። በዚያ ዘመን «ህ»ዋ በደንብ ትሰማ ነበር። ድምፁ ጠፍቶ ሥራው ቀረ። መዝገበ ቃላት ብዙውን ጊዜ ፊታቸው ላይ ኮከብ ወይም ጭረት አድርጎ ይለያቸዋል። ከማጥናት ውጭ መላ የለውም።

አሁን ወደ ዘዴዬ ልምጣ። ሰው ሁሉ ቃሉን ከነ«ለ» እና «ላ»ው፣ ማለትም ከፊቱ ከሚቆመው የወንድ ወይም የሴት ምልክት ጋር፣ አጥና ይላል፤ እሱም ጥሩ ነው። እኔን ግን የረዳኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን «ቁልፌ» የሚለውን ቃል ሳስብ፣ በአማርኛ ባለቤቱን ከዕቃው መነጠል እንደማይቻል አስተዋልኩ። «ኤ» ብቻዋን ቃል አይደለችም። ቁልፍ ላይ ተጣብቃ ነው የምትኖረው። እኔ ግን በፈረንሳይኛ «ሞን ነው ወይስ ማ?» እያልኩ መጀመሪያ ቃሉን፣ ቀጥሎ ዕቃውን ስፈልግ ነበር። ስለዚህ አዲስ ደብተር ገዛሁና ሁሉንም ያለ ክፍተት ጻፍኩ። ማክሌ። ሞንስቲሎ። ማሼዝ። ሞንሳክ። ማቭዋቱር። «ቁልፌ» እንደምል «ማክሌ» አልኩ፣ አንድ ቃል አደረግሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሰብ ተውኩ። «ሞንክሌ» ብዬ ብሞክር ራሱ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ፈረንሳዮቹም ራሳቸው አጣብቀው ረስተውታል። «ማዳም» ማለት «ማ» እና «ዳም» ነው፣ እመቤቴ። ስለዚህ ሲበዙ «ሜዳም» ይሆናሉ። «መስዬ»ም ሲጻፍ «ሞን» እና ጌታ የሚል ቃል ነው፣ ጌታዬ። በድሮ አማርኛ የውጭ አገር ሰውን «ሙሴ እገሌ» የምንለው ያችኑ ነው። «የኔታ» የሚለውን ቃላችንን አስቡት። «የእኔ ጌታ» ነው፣ ተጣብቆ አንድ ሆነ። ማንም ሲጠራ ሁለት ቃል መሆኑን አያስታውስም።

ዘዴው ግን አንድ ቦታ ላይ ከዳኝ። «ሞኔኮል» ብዬ ስለያዝኩ ትምህርት ቤት ወንድ ሆኖብኝ ቀረ። «ትምህርት ቤቴ ትልቅ ናት» ለማለት ለወንድ የሚሆነውን «ግራን» አልኩ፣ «ግራንድ» ማለት ሲገባኝ። የአናባቢው ሕግ ጾታውን ይደብቃል። መፍትሔው መሃል ላይ ሌላ ቃል ማስገባት ሆነ። «ማ ፕቲት ኤኮል»፣ ትንሿ ትምህርት ቤቴ። ቅጽሉ በተነባቢ ሲጀምር «ማ» ተመልሳ ትመጣለች፣ ምክንያቱም «ሞን» እና «ማ»ን የሚወስነው ቀጥሎ ያለው ድምፅ ነው። በአናባቢ ለሚጀምሩ ሴት ቃላት ሁሉ አሁን እንዲህ ነው የምይዘው። ማ ፕቲት ኢዴ፣ ማ ፕቲት አሚ ብዬ... ኋለኛውን ግን ተጠንቀቁ፣ «የፍቅር ጓደኛዬ» ማለት ይሆናል። የፍቅር ላልሆነችው «ማ ሜየር አሚ» በሉ፣ የልብ ጓደኛዬ።

ስለ ጽሕፈት ብዙ አልልም። «ሴ» ሲባል የእሱ ዕቃዎች ይሁን «እነዚህ» በጆሮ አይለይም። ወደ ነጠላ መልሱት። «ሶን» ወይም «ሳ» ከሆነ የባለቤት ነው፣ ካልሆነ ያኛው ነው። ይህ ይበቃል።

የአካል ክፍልን ግን ሳላነሳ አላልፍም። እኛ «እጄን እታጠባለሁ» እንላለን። እንግሊዝኛም እንደዚያው። ፈረንሳይኛ «ዠ መ ላቭ ሌ ማን» ይላል፣ «እጆቹን ለራሴ አጥባለሁ» እንደማለት። «ራሴን አመመኝ» ለማለት «ዤ ማል አ ላ ቴት»። የማን ራስ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፣ የታመመው ሰው ታውቋል። እኔ «ማ ቴት» ስል መምህሯ ትረዳኛለች፣ ግን ታርመኛለች። ስለዚህ በአያቴ ፎቶ ላይ ከዘራው የእሳቸው ነው፣ እጁ ግን እጅ ብቻ ነው። «ኢል አ ሳ ካን አ ላ ማን።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመስታወት ፊት ቆሜ ደጋግሜ ብያታለሁ። ሰባት ትንንሽ ቃላት ናቸው። ከዘራቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ልጅቷን ስልኩ ፊት አስቀመጣትና ወጣ። ፎቶውን ካሜራው ፊት አቀረብኩት። «ሞን ግራን ፔር» አልኳት። አንድ በአንድ በጣቴ አሳየኋት። ሶን ሻፖ። ሳ ካን። ሴ ሉኔት። እያንዳንዱን ከኋላዬ ትደግመዋለች፤ «ሴ ሉኔት» ስትል የራሷን አፍንጫ ነካች። ከዘራውን ለምን እንደያዙ ጠየቀችኝ። እግራቸውን ያማቸው እንደነበር ነገርኳት። አንድ ሁለት ቦታ ተደነቃቀፍኩ፣ ግን ገባት።

ከዚያ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ከወንበሩ ኋላ የቆሙትን አየች።

«ኤ ኤል?» አለች። እሷስ?

«ማ ግራን ሜር» አልኳት። ሴት አያቴ።

ትንሽ አሰበች። የእኔ አያት ለእሷ ምን እንደሚሆኑ በጣቷ እየቆጠረች ነበር መሰለኝ። ቅድመ አያት በፈረንሳይኛ «አርዬር ግራን ሜር» ነው። ሴት ናቸው፣ ግን ቃሉ በ«አ» ይጀምራል። ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ ትንፋሼን ያዝኩ። እሷ ግን ምንም ሳትጨነቅ፣ እኔ «ቤቱ» እና «ጫማው» እንደምለው፣

«ሞናርዬር ግራን ሜር» አለችና ጣቷን የሴት አያቴ ፊት ላይ አሳረፈች።